ምድባዊ ተለዋዋጭ በስታቲስቲካዊ ምደባ

ምድባዊ ተለዋዋጭ ማለት ዋጋው በመለኪያ የተገኘ ቁጥር ሳይሆን ከተወሰኑ ምድቦች አንዱ የሆነ ተለዋዋጭ ነው። የደም ዓይነት (ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ) ምድባዊ ነው፤ ክብደትና ቁመት ግን አይደሉም። ስታቲስቲካዊ ምደባ ደግሞ የአንድን ነገር ባሕርያት አይቶ የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚወስን ዘዴ ነው።

ምሳሌ፦ የእንጉዳይ መረጃ

እ.ኤ.አ. በ1987 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የመረጃ ማከማቻ የተሰጠው የእንጉዳይ ሰንጠረዥ 23 ዝርያዎችን የሚገልጹ 8124 መዝገቦች አሉት። 4208ቱ የሚበሉ ሲሆኑ፣ 3916ቱ መርዛማ ወይም ለምግብነት የማይመከሩ ናቸው። 22ቱም ባሕርያት ምድባዊ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ጠረን ሲሆን 9 ምድቦች አሉት።

ወደ ቁጥር መለወጥ

ብዙ ዘዴዎች የሚሠሩት በቁጥር ነው። ነገር ግን አልሞንድ 1፣ ዓሣ 2፣ ጠረን አልባ 3 ተብለው ቢጻፉ፣ የዓሣ ጠረን የሁለቱ አማካይ ነው እንደማለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል በተፈጥሮ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ዓምድ ተከፍቶ፣ ምድቡ ካለ 1፣ ከሌለ 0 ይጻፋል። ቋሚ ቁጥር ባለው ሎጂስቲክ ሪግረሽን ለ9 ምድቦች 8 ዓምዶች ይበቃሉ፤ ሁሉም 0 ከሆኑ ዘጠነኛው ምድብ መሆኑ ይታወቃልና። እንደ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ያሉ ቅደም ተከተል ያላቸው ምድቦች ግን በተርታ ቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ።

በቆጠራ የሚሠራ ዘዴ

ናይቭ ቤይዝ ምድቦችን ወደ ቁጥር ሳይለውጥ፣ እያንዳንዱ ምድብ በየክፍሉ ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል። በሰንጠረዡ የአልሞንድ ጠረን ያለው መርዛማ እንጉዳይ የለም። ስለዚህ ዕድሉ 0 ይሆናል፤ ዘዴው ዕድሎችን ስለሚያባዛም ይህ 0 ሌላውን ማስረጃ ሁሉ ያጠፋል። ይህን ለማስቀረት በእያንዳንዱ ቆጠራ ላይ 1 ይደመራል፤ ይህም የላፕላስ ማለስለሻ ይባላል።

ውጤቱን መመዘን

አልሞንድ ወይም አኒስ የሚሸቱትንና ጠረን አልባዎቹን «የሚበላ»፣ የቀሩትን «መርዛማ» የሚል ደንብ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ 98.5 በመቶ ትክክል ነው። ስህተቶቹ 120 ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም «የሚበላ» የተባሉ መርዛማ እንጉዳዮች ናቸው። የሚበላውን መጣል ምግብ ያሳጣል፤ መርዛማውን መብላት ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከጠቅላላው መቶኛ በተጨማሪ የእያንዳንዱ ክፍል ስህተት ለብቻው መታየት አለበት። መረጃው የተወሰደበት የ1981 የእንጉዳይ መመሪያም የሚበላ እንጉዳይን ለመለየት ቀላል ደንብ እንደሌለ ይገልጻል።