የጥቅምት ሠርግ አበባ በሐምሌ ይዘራል

“የሠርግ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ” የሚለው ተረት ለአበባም ይሠራል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በጥቅምት መጀመሪያ ልጁን የሚድር ቤተሰብ ድንኳንና ወንበሩን በመስከረም ቀብድ ከፍሎ ሊይዝ ይችላል። አበባውን ከጓሮው ለመቁረጥ ካሰበ ግን ውሳኔው የሐምሌ ነው። ሐምሌ ካለፈ የሚቀረው ምርጫ መግዛት ብቻ ነው።

መግዛቱም ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ብትሆንም፣ ጽጌረዳ በብዛት የሚያመርቱት እርሻዎች የሚገኙት በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ነው። ዋና ደንበኛቸውም አውሮፓ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው እቅፍ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በመንገዱም የሸዋ ሮቢትንና የከሚሴን ቆላ ያቋርጣል። ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ከተጫነ የሚጠወልገው ኪሳራ በገዢው ላይ ይወድቃል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ድረስ በመጣበት ወቅት እንደታየው ደግሞ፣ በአንድ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ አቅርቦት መንገዱ ሲዘጋ አብሮ ይቆማል።

ራስን ለመቻል የሚያስፈልገው ቦታ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ለምሳሌ 15 ጠረጴዛ ላለው ግብዣ በየጠረጴዛው 8 ዘንግ ቢታሰብ 120 ይሆናል። ለሙሽሮች መድረክና ለመኪና 150፣ ለሙሽሪትና ለሚዜዎች እቅፍ 30 ሲጨመር ድምሩ 300 ነው። ለብልሽት አንድ ሦስተኛ ቢታከል 400 ይደርሳል። ዚኒያን የመሰለ ደጋግሞ የሚያብብ አበባ ከአንድ ግንድ 4 ዘንግ ቢሰጥ 100 ችግኝ ይበቃል። ይህም በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል 9 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንዲት ክፍል የምታህል መሬት ነው።

ከቦታው ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። ዚኒያ ሞቃት በሆነ ስፍራ ከተዘራ ከ60 እስከ 75 ቀን ውስጥ ያብባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ይህ ልዩነት በሙቀት ሲሰላ 4 ዲግሪ ያህል ነው፤ በደጋው ላይ አበባውን በሳምንታት ሊያዘገየው ይችላል። ለጥቅምት 5 ሠርግ ኮምቦልቻ ላይ 70 ቀን ቢታሰብ መዝሪያው ሐምሌ 30 ነው። ደሴ ላይ 20 ቀን ቢጨመር ሐምሌ 10 ይሆናል።

ከሁለቱ ስህተቶች መዘግየት ይከፋል። ቀድሞ የደረሰ ዚኒያ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከሠርጉ ማግስት የፈነዳው ግን ለባለ ሠርጉ ዋጋው ዜሮ ነው። ስለዚህ ዘሩን በ10 ቀን ልዩነት በሦስት ዙር መዝራት፣ ቢቻልም ዘመድ ባለበት በሁለቱም ከተሞች መትከል እንደ ኢንሹራንስ ይቆጠራል። አንድ አበባ ብቻ የሚያወጣው የፈረንጅ ሱፍ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም። ጓሮው ጽጌረዳ ያለው ሰው ደግሞ ከቆረጣ እስከ አበባ ከ7 እስከ 9 ሳምንት መቁጠር ይኖርበታል።

ሌላው ስጋት ክረምቱ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ችግኝ ያበሰብሳል፣ ደመናው ዕድገት ያዘገያል፣ በረዶም በአንድ ከሰዓት ሁሉን ሊያረግፍ ይችላል። ዘሩን በሣጥን ጣሪያ ሥር ማፍላት፣ ከዚያም ውሃ በማይቋጥር ከፍ ባለ መደብ ላይ ተክሎ ፕላስቲክ መዘርጋት ወጪው ብዙ አይደለም። አበባው በማለዳ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሉ ተለቅሞ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጥቂት ስኳርና ጠብታ በረኪና ተጨምሮበት ይቀመጣል። የደሴ ቀዝቃዛ ሌሊትም ከኮምቦልቻ ለወጣ አበባ ያለ ክፍያ የተገኘ ማቀዝቀዣ ነው። ለማጀቢያ ቅጠል አደስ፣ አሪቲና ጠጅ ሳር በወሎ ጓሮ አይታጡም። የመስከረም ሠርግ ከሆነ አደይ አበባም ከመስኩ አለ።

ነገሩ ለነጋዴስ ያዋጣል? ዋናው የሠርግ ወቅት ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በጥቅምት የሚደገስ የክርስቲያን ሠርግ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ የሙስሊሙ ሠርግ በዚህ አይወሰንም። ገበያው ጠባብ ከመሆኑም በላይ ደጋግሞ የሚከራየው የፕላስቲክ አበባ ተፎካካሪ ነው። ለአንድ ሠርግ ብቻ የሚያለማ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ሳይሆን ቁጠባ ነው። ለሦስትና ለአራት ሠርግ የሚያለማ ግን የፕላስቲኩንና የመደቡን ወጪ ያከፋፍላል።

ሆኖም አበባ መጋዘን ገብቶ የተሻለ ዋጋ የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም። ገዢ ሳይዝ የሚዘራ ነጋዴ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል። ዘር መሬት ከመንካቱ በፊት ከባለ ሠርጉ ወይም ከዲኮር ሠሪው ቢያንስ የዘሩንና የፕላስቲኩን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ መቀበል፣ በረዶ ቢመታ ማን ምን እንደሚከፍልም በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ማለቅ ያለበት ደግሞ ክረምቱ ሳይከር፣ በሰኔ ነው።