ትዕቢት በክርስትና

ትዕቢት በክርስትና ትምህርት ሰው ራሱን ከልኩ በላይ ከፍ አድርጎ የሚያይበት፣ ያለውን ሁሉ ከራሱ እንዳገኘው የሚቆጥርበትና በዚህም ምክንያት እግዚአብሔርንና ሌላውን ሰው የሚንቅበት የልብ ዝንባሌ ነው። ተቃራኒው ትሕትና ይባላል። ብዙ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ትዕቢትን የኃጢአቶች ሁሉ ሥር አድርገው ይቆጥሩታል።

ትዕቢትን ከሌሎች ኃጢአቶች የሚለየው ዋና ጠባይ መደበቁ ነው። የሰረቀ ሰው መስረቁን ያውቃል፤ ትዕቢተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትዕቢተኛ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ በክርስትና ሕይወት ትዕቢትን ከማሸነፍ በፊት ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ትዕቢት የግለሰብ ብቻ ሳይሆን የቡድንም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ለቡድን ትዕቢት ምሳሌ ሆኖ የቀረበው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በካፋ ዞን የሚታየው የማንጆ ማኅበረሰብ መገለል ነው።

ቃሉና ትርጉሙ

«ትዕቢት» የግእዝ ቃል ሲሆን «ዐብየ» (ትልቅ ሆነ) ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። «ዐቢይ» (ታላቅ) ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። «ትሑት» ደግሞ «ታሕት» (ታች) ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። ሁለቱ ቃላት የላይና የታች ሥዕል ይዘዋል ማለት ነው።

በአማርኛ ከትዕቢት ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ቃላት አሉ፦

- ኩራት፦ ሁልጊዜ መጥፎ ትርጉም የለውም። ሰው በልጁ፣ በሙያው ወይም በ1888 ዓ.ም. በተገኘው የአድዋ ድል ሊኮራ ይችላል። ኩራት ወደ ትዕቢት የሚለወጠው ሌላውን ማሳነስ ሲጀምር ነው።
- ትምክህት፦ በሀብት፣ በዘር፣ በዕውቀት ወይም በጽድቅ መመካት።
- እብሪት፦ ጉልበትን ወይም ሥልጣንን ተማምኖ ሌላውን መድፈር።
- ውዳሴ ከንቱ፦ ከሰው የሚመጣን ምስጋና መሻት። ትዕቢተኛ ሌላውን ሲንቅ ውዳሴ ከንቱ ፈላጊ ግን የሌላውን አድናቆት ይለምናል። በዚህ ምክንያት የጥንት መምህራን ሁለቱን ለያይተው ያስተምሩ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ትዕቢት ከሚሰጠው ቀጥተኛ ትምህርት ሌላ ብዙ ታሪኮችን ያቀርባል። ምሳሌ 16፥18 ትዕቢት ከውድቀት በፊት እንደሚመጣ፣ ያዕቆብ 4፥6 ደግሞ እግዚአብሔር ትዕቢተኞችን እንደሚቃወም ይናገራሉ። ከታሪኮቹ መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

- ንጉሥ ዖዝያን (2ኛ ዜና መዋዕል 26)፦ በ16 ዓመቱ ነግሦ ለ52 ዓመት ይሁዳን የገዛ ንጉሥ ነው። በጦርነትና በግንባታ ከተሳካለት በኋላ ልቡ ታበየ። ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን ሊያጥን ወደ ቤተ መቅደስ ገባ፤ በዚያም ለምጽ ወጣበት። በዚህ ታሪክ ትዕቢት የመጣው በችግር ጊዜ ሳይሆን ከስኬት በኋላ ነው።
- ንዕማን (2ኛ ነገሥት 5)፦ ለምጻም የነበረው የሶርያ ጦር አዛዥ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ሲነገረው ነገሩ ለክብሩ የማይመጥን መስሎት ተቆጣ። የዳነው የአገልጋዮቹን ምክር ሰምቶ ከታጠበ በኋላ ነው።
- ፈሪሳዊውና ቀራጩ (ሉቃስ 18፥9-14)፦ ፈሪሳዊው የጾመውና ዐሥራት ያወጣው በእርግጥ ነው፤ አልዋሸም። ስሕተቱ መልካም ሥራውን ከቀራጩ ጋር መለኪያ ማድረጉ ነው።
- ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ (ሐዋርያት ሥራ 8፥26-40)፦ የንግሥት ህንደኬ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረ ባለሥልጣን ነው። በሠረገላው ተቀምጦ የሚያነበውን የኢሳይያስን መጽሐፍ እንደማይረዳ በግልጽ ተናግሮ በእግሩ የመጣውን ፊልጶስን አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። አለማወቅን ማመን የትሕትና መጀመሪያ ለመሆኑ በስብከት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

የትምህርቱ ማጠቃለያ በፊልጵስዩስ 2፥5-11 ይገኛል። በዚያ ክርስቶስ በመለኮት ክብር ሳለ ራሱን ዝቅ አድርጎ የአገልጋይን መልክ እንደያዘ ተጽፏል። ስለዚህ በክርስትና ትሕትና ማለት መጀመሪያ ከላይ ያለው ወደ ታች መውረዱ ነው።

በጥንት መምህራን ትምህርት

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ መነኩሴን የሚፈታተኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሮ ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። ሆዳምነትንና ቁጣን ያሸነፈ ሰው በማሸነፉ ራሱ ሊታበይ ስለሚችል ነው። ከእርሱ የተማረው ዮሐንስ ካስያን ውዳሴ ከንቱን በሽንኩርት መስሎታል፤ አንዱ ልጣጭ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ ይገኛል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሮም ሊቀ ጳጳስ የነበረው ታላቁ ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን ሲያስተካክል ትዕቢትን የሌሎቹ ሁሉ ሥር አደረገው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ በስፋት የሚጠቀሱት መጻሕፍተ መነኮሳት ናቸው። እነዚህም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ስለ ትሕትና ብዙ የጻፈው ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾሞ ነበር። ይሁን እንጂ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመለሰ።

በአክሲማሮስ ትውፊት የመጀመሪያው ትዕቢተኛ ሳጥናኤል ነው። መላእክት ፈጣሪያቸውን ገና ሳያዩ ማን እንደፈጠራቸው ሲጠያየቁ እርሱ «እኔ ነኝ» እንዳለ ይተረካል። ቅዱስ ገብርኤል ግን ፈጣሪያቸው እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም በየቦታው ጸንቶ እንዲቆይ መከረ። በዚህ አተራረክ ትዕቢት የሌላውን ሥራ ለራስ መውሰድ ነው።

በነገሥታት ታሪክ ደግሞ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ይነሣል። ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሂምያርን ድል አድርጓል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ከዚህ ድል በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ራሱ መንኩሷል።

መለያ ምልክቶች

ትዕቢት በቀጥታ ስለማይታይ የሚታወቀው በፍሬው ነው። በመንፈሳዊ ትምህርቶች በተደጋጋሚ የሚጠቀሱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ተግሣጽን አለመቀበል። ሰውየው ስለ ስሕተቱ ሲነገረው ነገሩን ከመመርመር ይልቅ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይጠይቃል።
2. ማወዳደር። በራሱ መልካም ነገር ብቻ አይደሰትም፤ የሚደሰተው ከሌላው ሲበልጥ ነው። ይህን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ጓደኛ ሲሳካለት የሚሰማውን ስሜት ማስተዋል ነው።
3. ይቅርታ መጠየቅ መክበድ። «አጠፋሁ» ከማለት ይልቅ ምክንያት መደርደር ይቀናዋል።
4. መንፈሳዊ ልኬት። ጾሙን፣ ጸሎቱን፣ አገልግሎቱን ወይም የተሰጠውን ጸጋ ሌላውን ለመመዘኛ ያውለዋል። ይህ ምልክት ያልጾመ ሰው ላይ አይታይም፤ የሚታየው በጾመው ላይ ነው።
5. ምስጋና ሲቀር መቆጣት። በፈቃዱ ያደረገው ነገር ባለመታየቱ ይከፋል።
6. «እኛ» እያሉ መታበይ። ስለ ራሱ በትሕትና እየተናገረ ስለ ዘሩ፣ ስለ አገሩ ወይም ስለ ቤተ እምነቱ ሲናገር ግን ሌላውን ይንቃል።

የመጨረሻው ምልክት ከሁሉም ይልቅ ይሰወራል። ሰው በንስሐ ጊዜ የግሉን ኃጢአት ይዘረዝራል፤ አካባቢው ሁሉ የሚያደርገውን ግን እንደ ባህል እንጂ እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም።

የቡድን ትዕቢት፦ የካፋ ምሳሌ

ካፋ እ.ኤ.አ. እስከ 1897 ድረስ «ታቶ» በሚባል ንጉሥ የምትተዳደር መንግሥት ነበረች። በዚያ ዓመት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው ግዛቲቱ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ተጠቃለለች። የመንግሥቱ ማኅበረሰብ በደረጃ የተከፋፈለ ነበር። በታችኛው እርከን ከተቀመጡት መካከል በአደን፣ በደን ውጤትና ኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚተዳደሩት ማንጆዎች ይገኛሉ።

ማንጆዎች ከሌላው የካፋ ሕዝብ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይበሉ፣ ወደ ቤት እንዳይገቡና እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። ለመገለላቸው በብዛት የሚሰጠው ምክንያት የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበሉ ነበር የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህን ከተዉ በኋላም መገለሉ በብዙ ቦታ ቀጥሏል። ይህም የአመጋገቡ ጉዳይ ዋናው ምክንያት እንዳልነበረ ያመለክታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ቢደነግግም ሕግ ማዕድ ላይ ሊደርስ አይችልም።

በካፋ ዞን የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ምእመናን ይኖራሉ። በዋና ከተማዋ በቦንጋም ሆነ የጨና ወረዳ ማዕከል በሆነችው በዋጫ ለአንድ ክርስቲያን ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ በአንድ ጥምቀት የሚያምን ሰው ጎረቤቱን ቡና ጠርቶ በሌላ ሲኒ ሊያጠጣው ይችላል? የማንጆዎችን ሕይወት ያጠናችው ጃፓናዊት ተመራማሪ ሳዩሪ ዮሺዳ ብዙዎቹ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት የገቡበትን ሁኔታ ከመገለሉ ጋር አያይዛ መርምራለች። ጉዳዩ ለአዲስ ኪዳን አንባቢ እንግዳ አይደለም። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 በጉባኤ ሰውን ማበላለጥን ይነቅፋል። በገላትያ 2፥11-14 ደግሞ ጳውሎስ ከአሕዛብ ክርስቲያኖች ማዕድ የራቀውን ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል።

ትዕቢትን ማሸነፊያ መንገዶች

ትዕቢትን «ከዛሬ ጀምሮ ትሑት እሆናለሁ» ብሎ በመወሰን ብቻ ማሸነፍ አይቻልም፤ ውሳኔው ራሱ የመመኪያ ምክንያት ሊሆን ይችላልና። በክርስትና ልምድ የሚመከሩት አብዛኞቹ መንገዶች ሌላ ሰው የሚገኝባቸው ናቸው።

- ንስሐ፦ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመኑ ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ሰው ራሱን በራሱ ሲመዝን የሚያልፈውን ነገር ሌላው ያየዋል። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም በዕድሜና በእምነት የበሰለ ሰው ምክርና ተግሣጽ ተመሳሳይ ቦታ አለው።
- ሕጽበተ እግር፦ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ለዚህም የወይራና የወይን ቅጠል ይጠቀማሉ። ሥርዓቱ በዮሐንስ 13 የተጻፈውን የክርስቶስን ሥራ ያስታውሳል። አጣቢው የሚታጠበውን ሰው አይመርጥም።
- ልመናና ተማሪነት፦ በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው፣ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን፣ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ ይለምናል። ልማዱ ነገ መምህር የሚሆነው ሰው በሌላው እንጀራ ማደጉን እንዳይረሳ ያደርገዋል።
- ስውር በጎነት፦ በማቴዎስ 6 ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም በስውር እንዲደረጉ ታዟል። ይህ በተለይ ውዳሴ ከንቱን ምግብ ይነሣዋል።
- የጋራ ማዕድ፦ በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ አባላት በተራ ደግሰው አብረው ይበላሉ። የቡድን ትዕቢት በተለየ ሲኒና በተለየ መቀመጫ ስለሚኖር ፈውሱም እዚያው ይጀምራል። በካፋ ላለ ምእመን ማንጆ ጎረቤቱን ወደ ቤቱ ጠርቶ በአንድ ትሪ መብላት ከብዙ ስግደት ሊከብድ ይችላል።

የተሳሳተ ትሕትና

ትሕትና ራስን መጥላት ወይም የተሰጠን ችሎታ መካድ አይደለም። «እኔ ምንም አላውቅም» የሚል ሰው «ኧረ ያውቃሉ» መባልን እየጠበቀ ከሆነ ንግግሩ የተገለበጠ ውዳሴ ከንቱ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን በሲና ገዳም የነበረው ዮሐንስ ዘሰዋስው እንዳስተዋለው ውዳሴ ከንቱ በሚጾም ሰው ላይ በጾሙ፣ ጾሙን ለመሰወር በሚበላም ሰው ላይ በጥንቃቄው በኩል ይመጣል።

ሌላው ስሕተት ትሕትናን ለተገፋው ብቻ መስበክ ነው። ለዘመናት ከበር ውጭ ለቆመ ሰው «ትሑት ሁን» ማለት መገለሉን ማጽደቅ ይሆናል። መብቱን መጠየቁም ትዕቢት አይደለም። የፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 ትምህርት የሚጀምረው ከላይ ካለው በመሆኑ በሩን የመክፈት ኃላፊነት በውስጥ ያለው ሰው ነው።