አገልግሉን ወደን ሠሪውን ስለ ምን እንንቃለን?

ለመሆኑ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ከአገልግል ያልተቋደሰ ይኖራል? ለንግሥ በዓል ወይም ለለቅሶ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደን ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ስንል፣ ጠፍሩ ሲፈታና ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣውን ሽታ የማያስታውስ ሰው ያለ አይመስለንም። ነገር ግን «ያን አገልግል በቆዳ የለበጠው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልጠየቅንም ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ስለ ምግብ ነው፤ ዳሩ ግን ስለ ምግብ ስንናገር ስለ ሰው መናገራችን አይቀርም።

እኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን በትርፍ ጊዜያችን ቆዳ የምንሰፋ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ታሪክ የሚያጠና አለ፤ ሥነ ጽሑፍ የምታጠና አለች፤ ባለሙያ ግን አልነበረም። ከመርካቶ የምንገዛውን ቁርጥራጭ ቆዳ በወስፌ እየበሳን፣ በሁለት መርፌ እየሰፋን ቀበቶ፣ የገንዘብ ቦርሳና የመጽሐፍ ልባስ እንሠራለን። ሥራው ያስርባል። በመጀመሪያ ደረቅ ዳቦ በሻይ እየበላን ቆየን፤ በኋላ ግን «ቆዳ የሰፋ እጅ ወጥ መሥራት እንዴት ያቅተዋል?» ተባባልንና በየሳምንቱ አብረን ማብሰል ጀመርን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ይኸውም በሳምንቱ ብዙ ቆዳ ያበላሸ ሰው ሽንኩርት ይከትፋል። እንባው ስለ ሽንኩርቱ ይሁን ስለ ቆዳው አይጠየቅም።

እየሰፋንና እያበሰልን ስንሄድ አንድ ነገር አስተዋልን። የቆዳ ሥራና የስንቅ ዝግጅት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚዋጉት አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም መበስበስ ነው። ከታረደው በሬ ሥጋውም ቆዳውም እርጥብ ሆነው ይወጣሉ፤ እንዲሁ ከተተዉ ባክቴሪያዎች ይራቡባቸውና ይሸታሉ። ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ውሃ አይራባም። ስለዚህ ባለቤቲቱ ሥጋውን በቀጭኑ ዘልዝላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከገመድ ላይ ሰቅላ ቋንጣ ታደርገዋለች። ጨው ውሃውን ይስባል፤ ነፋስ ይወስደዋል። ቆዳ አልፊውም እንደዚሁ ቆዳውን በጨው ያሻል፤ ወይም በችካል ወጥሮ ያደርቀዋል።

ቆዳ ግን በዚህ አያበቃም። እንዲሁ የደረቀ ቆዳ እንደ ጣውላ ይገተራል፤ ውሃ ሲነካውም ተመልሶ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጠጉሩ ከወለቀና የቀረው ሥጋና ስብ ከተፋቀ በኋላ፣ ታኒን የሚባል ነገር ባለበት የዛፍ ልጥ ወይም ፍሬ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ታኒን ማለት ጠንከር ብሎ የፈላ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያኮማትረው ነገር ነው። በቆዳው ውስጥ ካሉት ቃጫ መሰል ክሮች ጋር ተጣብቆ መበስበስ እንዳይደፍራቸው ያደርጋል። የግራር ልጥ በዚህ የታወቀ ነው፤ በገጠራችንም የእምቧይ ፍሬ ለዚሁ ያገለግላል። በመጨረሻም ቆዳው ቅባት እየጠጣ ይታሻል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ተቆልቶ የተወቀጠ የጉሎ ፍሬ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ አንዳንድ እናቶች አዲስ ምጣድ የሚያሟሹት በዚሁ በጉሎ መሆኑ ነው። እንግዲህ ማድ ቤቱና የቆዳው ደጅ ቅባት እንኳ ይዋዋሳሉ ማለት ነው። ጥሬው የጉሎ ፍሬ ግን መርዝ ስለ ሆነ ማንም በአፉ እንዳይሞክረው አደራ እንላለን።

ምግቡና ቆዳው በመንገድም አይለያዩም። እህሉና ዱቄቱ በስልቻና በአቁማዳ፣ ውሃው በእርኮት፣ የተዘጋጀው ምግብ በአገልግል ይጓዛል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት በእግሩና በእንስሳት እንጂ በመኪና አልሄደም፤ ስንቁንም ከየቤቱ ይዞ ነበር የተነሣው። ያን ስንቅ የቋጠረው ስልቻ የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ ግን በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ አልነገረንም።

አሁን ወደ አገልግሉ እንመለስ። አገልግል በመጀመሪያ እንደ ሌላው ስፌት ከሣር ይሰፋል፤ ከዚያም በለፋ የፍየል ቆዳ ይለበጥና ማንጠልጠያ ጠፍር ይገባለታል። በሣሩ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዛል፤ ቆዳው ደግሞ ነፋስ እንዳይገባና እንጀራው እንዳይደርቅ ይከላከላል። ስለዚህ አንዱ አገልግል የሁለት ሙያ ውጤት ነው፤ ስፌቱን የሰፋችው ሴት ትመሰገናለች፤ ቆዳውን ያለፋው ግን ስሙ አይነሣም።

የመጀመሪያውን አገልግላችንን ይዘን ወደ ሱሉልታ ወደ አንድ ጓደኛችን አጎት ግቢ በወጣን ቀን ቀጭን ወጥ ሞልተንበት ነበር። መንገዱ አንገጫገጨው፤ ወጡም በጓደኛችን ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ የተማርነው ይህ ነው፤ ለአገልግል የሚሆን ወጥ ወፍራምና ደረቅ ያለ መሆን አለበት። ከሥር እንጀራ ይነጠፋል፤ በላዩ በወጥ የራሰ ፍትፍት ይደለደላል፤ እንደገና እንጀራ ይደረብበታል። ከበሉ በኋላም አገልግሉን ጠርጎ በጥላ ማድረቅ እንጂ በውሃ መዘፍዘፍ ወይም በፀሐይ ማስጣት አይገባም፤ በውሃ ከራሰ ይሻግታል፤ በፀሐይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።

ከቤት ውጭ ለማብሰል ግን ከቋንጣ ፍርፍር የሚሻል አላገኘንም፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ደረቅ ሆኖ በስልቻ ይያዛል። ለአሥራ ሁለት ሰው የምንይዘው አንድ ኪሎ ቋንጣ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ዘይት፣ ጥቂት ንጥር ቅቤና የዐሥራ ሁለት እንጀራ ድርቆሽ ነው። ሦስት ጉልቻ ጎልተን ማገዶው ነበልባሉ እስኪበርድለት እንጠብቃለን። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ይታመሳል፤ ከዚያ ዘይቱ፣ በመቀጠልም በርበሬው ይገባል፤ እንዳያርም ውሃ ጠብ እያደረግን በደንብ እናቁላላዋለን። በዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ከእኛ ጋር አይመጣም። ቁሌቱ ሲደርስ ቋንጣውን ቀጥቀጥ አድርገን ሙቅ ውሃ ጨምረን እስኪለሰልስ ድረስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እናበስለዋለን። ጨው የሚቀመሰው በመጨረሻ ነው፤ ቋንጣው ራሱ ጨው አለውና። ቅቤውን ጨምረን ድስቱን ካወረድን በኋላ ድርቆሹ ይነሰነስና ይገላበጣል።

በእሳቱ ነገር አንድ ጥፋት ሠርተናል፤ ሌላ እንዳይደግመው እንናዘዛለን። አንድ ቀን ማገዶ አነሰንና የተረፈንን የቆዳ ቁርጥራጭ ከእሳቱ ጨመርን። ሽታው ወጡን አበላሸው፤ የባሰውን ግን የተረዳነው ቆይተን ነው። ዛሬ በፋብሪካ የሚለፋው ቆዳ አብዛኛው በክሮም ጨው የተዘጋጀ ስለ ሆነ ሲቃጠል ወደ መርዛማ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ቁርጥራጭ ቆዳ አይነደድም፤ የፋብሪካ ቆዳም ምግብ በሚነካበት በኩል አይገባም።

እስካሁን የተናገርነው ቀላሉን ነው። ከባዱ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ስፌቱ ከሁላችን የሚያምረው፣ አያቱ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበርና አንድ ቅዳሜ ይዟቸው መጣ። ሽማግሌው በገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ ናቸው። ይህን ጓደኛችን ለሁለት ዓመት አልነገረንም ነበር። የሰፋነውን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ፤ «ልጆቼ፣ ክሩን አታንቁት፤ ቆዳውም ይተንፍስ እንጂ» አሉና ሳቁ። በአንድ ከሰዓት ከእርሳቸው የተማርነው በአንድ ዓመት ከተማርነው በለጠ።

ምግቡ ቀርቦ «አባባ፣ ወደዚህ ይጠጉ» ስንላቸው ግን በሩ አጠገብ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ቡና ሲቀዳም ከኮሮጇቸው የራሳቸውን ስኒ አወጡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ በሀገራቸው ጎረቤቱ ሁሉ አገልግል እያሠራቸው ቡና ግን በሌላ ስኒ ሲቀዳላቸው ስለ ኖሩ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ጓደኛችን ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኛም የምንለው ጠፋን። ቡና የምትቀዳው ጓደኛችን ብቻ «አባባ፣ የእርስዎስ ስኒ ትንሽ ናት፤ በዚህ ይጠጡልኝ» ብላ ከረከቦቱ ላይ ቀድታ ሰጠቻቸው። ጥቂት ዝም አሉና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ትሪው ቀረቡ፤ ከአንዱ ትሪ አብረን በላን፤ ጉርሻም ተጎራረስን።

የዚያን ቀን ማታ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ከመካከላችን ስንቱ ነው ቆዳ እንደሚሰፋ ለቤተ ሰቡ የተናገረው? አምስቱ ብቻ ነበሩ። አንዱን እናቱ «ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ፋቂ ልትሆን ነው?» ብለውት ነበር። የቀረነው ይህችን ቃል ፈርተን ዝም ብለናል። ዝምታችን ጓደኛችንን ሁለት ዓመት ዝም አሰኝቶታል ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል፤ ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ ከእኛ ዘመን ደርሷል። በኮንሶ ሴቶች፣ በጋሞ ደግሞ ወንዶች ቆዳን በድንጋይ መፋቂያ ሲፍቁ የጥንት ሰው እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ለማወቅ የውጭ ሀገር ሊቃውንት ድረስ መጥተው አጥንተዋቸዋል። በሞጆ ፋብሪካዎች ተሠርተዋል፤ የደጋው በግ ቆዳ ለእጅ ጓንት ተፈላጊ ሆኖ ባሕር ይሻገራል። ቆዳው እንዲህ ሲከበር ቆዳ አልፊው በሩ አጠገብ ፈንጠር ብሎ መቀመጡ በምን ሚዛን ይመዘናል? «ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ» እንደሚባለው፣ «ፋቂ» ብሎ መናቅና «የእጅ ጥበብ» ብሎ ማድነቅ የሚነገረው ስለ አንድ ሥራ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ለበዓል ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አገልግሉን ማን እንደ ሠራው ጠይቁ፤ ሰውየው በሕይወት ካሉ ሄዳችሁ አመስግኗቸው፤ ቡናም ካፈሉላችሁ ጠጡ። ከእኛ ጋር መስፋት የሚወድም ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይምጣ። ወስፌና መርፌ አለን። ሽንኩርት ግን ይዞ ይምጣ፤ ጀማሪ ብዙ ቆዳ ማበላሸቱ አይቀርምና።