መፋቂያ፦ የሚችለውና የማይችለው

ከሳር ቤት ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ጎዳና ሁሉ፣ ሁለት ዓይነት የጥርስ ማጽጃ ይሸጣል። አንዱ በፋርማሲና በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የተንጠለጠለው የፕላስቲክ ብሩሽ ነው። ሌላው አዟሪዎች ታቅፈውት የሚዞሩት መፋቂያ ነው፤ ስንዝር የሚያህል፣ ከትንሿ ጣት ብዙም የማይወፍር ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጫፉ ተልጦ ነጩ የወጣ። አንዳንዱ መፋቂያን ብሩሽ መግዣ ያጣ ሰው ዕቃ አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ለጥርስ ጣጣ ሁሉ መድኃኒት ያደርገዋል። ሁለቱም እንጨቱን በቅጡ አላወቁትም። መፋቂያ ጥርስ በማጽዳት ከብሩሽ የማያንስ መሣሪያ ነው። ጉድለትም አለበት፤ ነገር ግን ጉድለቱን ናቂውም አድናቂውም አላየውም።

የተገኘው እንጨት ሁሉ መፋቂያ አይሆንም። በደጋውና በወይና ደጋው ስሙ የገነነው ወይራ ነው፤ ክትክታ፣ ልምጭና ምስርችም ለዚሁ ይቆረጣሉ። በሶማሌ ቆላ ተመራጩ ዓደይ ነው፤ በሙስሊሙ ዓለም ሚስዋክ እየተባለ የሚታወቀው ማለት ነው። ወይራን የቤት እመቤቶች በሌላም ሙያ ያውቁታል፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠነው በእሱ ነው። ለመፋቂያነት የሚታጨው እንጨት ሲታኘክ መሰንጠርም መበጣጠስም የለበትም፤ በቀጫጭን ክር መተንተን አለበት። ከጫፉ የጥፍር ርዝመት ያህል ልጣጩ ይነሳና ይታኘካል፤ ክሮቹ እየለሰለሱ ይለያያሉ። የደረቀ ከሆነ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያገለገለው ጫፍ ይቆረጥና ከበታቹ አዲስ ይላጣል፤ ስለዚህ በአንድ እንጨት ውስጥ ብዙ አዳዲስ ብሩሾች አሉ። ክሩ ተንጨፍርሮ ወደ ጎን በተኛ ብሩሽ ዓመት የሚደፍን ሰው በዚህ በኩል ባለ መፋቂያው ይቀድመዋል። መራራነቱም ከንቱ አይደለም። ምራቅ ያመጣል፤ ምራቅ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ያረክሳል።

የእንጨቱን ብቃት ለመመዘን ጥርስንና ድድን የሚጎዳው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ጠዋት ጥርስን በጥፍር ሲጭሩት የሚወጣው ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር የምግብ ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያ ተባዝቶ የሠራው ሽፋን ነው። ስኳር ሲያገኝ አሲድ ያመርታል፤ አሲዱም ጥርሱን ይቦረቡራል። ድድ ጠርዝ ላይ ሲከማች ድዱን ያስቆጣል። ጥቂት ቀናት ካልተነካ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ያደርቀውና ድንጋይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ካልሆነ የሚያነሳው የለም። ትኩሱ ሽፋን ግን በፍተጋ ይለቃል፤ የሚፈትገው ናይለን ሆነ ወይራ ለውጥ የለውም። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪ ልጆች ላይ መፋቂያንና የጥርስ ብሩሽን አወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት፣ መፋቂያው ሽፋኑን በማንሳት ከብሩሹ እኩል ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ፣ ልማዱ ባለበት አገር ሰዎች መፋቂያቸውን እንዲቀጥሉበት አበረታቷል።

እኩልነቱ ግን የሚሠራው አፋፋቁን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። የብሩሽ ክር ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ስለሚቆም በምላስ በኩል ያለውን የጥርስ ገጽም ሆነ የኋላውን መንጋጋ ያለ ብዙ ትግል ይደርስበታል። የመፋቂያው ክር ግን እንደ እርሳስ ጫፍ የእንጨቱን አቅጣጫ ተከትሎ የወጣ ነው። ፊት ለፊት ላለው ጥርስ ይመቻል፤ ለውስጠኛው ገጽ አፍን ከፍቶ እንጨቱን ከማዶ ወደ ማዶ አጋድሞ ማስገባት ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። መፋቂያ ጎርሶ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ሰው የሚያወራ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ግማሽ ሰዓት ሲፍቅ ልብ ብለው ቢያዩት የሚመላለሰው እነዚያው ስድስት የላይ የፊት ጥርሶች ላይ ነው። እነሱ ያብረቀርቃሉ፤ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ድንጋይ ቀድሞ የሚሠራበት ቦታ፣ እንጨት አይቶ አያውቅም። በፊት በኩል ያለው ትጋትም ሲበዛ ጣጣ ያመጣል። በሚስዋክ ተጠቃሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ወደ ጎን አጥብቆ መገዝገዝ ድድ ከጥርስ ሥር እንዲሸሽ እንደሚያደርግ ታይቷል። ጠጣር ብሩሽም በዚያው ጉልበት ሲያዝ ይህንኑ ያደርጋል፤ ጥፋቱ የእጅ ነው። ከድዱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ ላይኛውን ወደ ታች፣ ታችኛውን ወደ ላይ፣ በቀስታ መፋቅ ድዱንም ይጠብቃል፣ ሽፋኑንም ያነሳል።

ሁለተኛው ጉድለት ፍሎራይድ ነው፤ ይህን የእጅ ብልሃት አይሞላውም። ጥርስ አሲድ በነካው ቁጥር ማዕድን ያጣል፤ አሲዱ ሲበርድ ከምራቅ መልሶ ይወስዳል። ፍሎራይድ በጥርሱ ገጽ ላይ ሲገኝ የመመለሱን ሥራ ያግዛል፣ የተመለሰውንም ያጠነክራል። አንዳንድ የመፋቂያ እንጨቶች ውስጥ ፍሎራይድ ቢኖርም መጠኑ የጥርስ ሳሙናን ቦታ የሚተካ አይደለም። እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ፍሎራይድ ጥርስ እንደሚያበላሽ የኢትዮጵያ ሰው በዓይኑ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር፤ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፣ ከነባር ሠራተኞቹ መካከል አጥንታቸው የተጎዳ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። የወንጂው የጥርስ ጉዳት ግን የመጣው ጥርስ ድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ከሆድ ገብቶ፣ በየቀኑ፣ ያለ ልክ ነው። በሳሙና የሚቀባው ከወጣ ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋ ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ለአዲስ አበባ የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ደግሞ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። ወንጂን ያየ ሰው ፍሎራይድን ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ከዚህ የግድብ ውሃ የሚጠጣ የከተማ ሰው ግን የወንጂን ፍርሃት ተውሶ ጥርሱን ያለ መከላከያ ሊያስቀር አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ የአያቶች ነው። ሳሙና የሚባል ሳያውቁ፣ በመፋቂያ ብቻ፣ ጥርሳቸው ሳይነቀል ያረጁ ሰዎች በየቤተሰቡ አሉ፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያረጁት ከመፋቂያው ጋር ብቻ አይደለም፣ ስኳር ከሌለበት ማዕድ ጋር ነው። ማር ለጠጅ፣ ሸንኮራ ለልጅ ነበር፤ በቀን አራት አምስቴ ጣፋጭ የሚቀምስ ገበሬ አልነበረም። ስኳር የየቤቱ ዕቃ የሆነው በፋብሪካ ዘመን ነው፤ ወንጂ ለጥርስ በሁለት በኩል መጣበት ማለት ይቻላል። ዛሬ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠዋት፣ ለስላሳ በምሳ፣ ብስኩት ከትምህርት ቤት መልስ፣ ለሚቅም ሰው ደግሞ ጫት ላይ ረጅም ከሰዓት የሚጠባ ጣፋጭ አለ። አንድ ጊዜ ስኳር በተቀመሰ ቁጥር የአፍ አሲድ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል። ሁለት ማንኪያ ስኳር በአንድ ስኒ ቡና ጨርሶ የተነሳ ሰው፣ አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ እየተጎነጨ ሁለት ሰዓት ከሚያሳልፈው ይሻላል። ያረጀውን መሣሪያ ይዞ የማዕዱን ለውጥ መርሳት ነው የአያቶቹን ማስረጃ የሚያፈርሰው።

ወጪስ? የጥርስ ሳሙና ዋጋ ለብዙ ቤት የሚቆጠር ሆኗል፤ ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው። መልሱ ግማሹ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነው ሳሙና ለሻጩ እንጂ ለጥርሱ አያስፈልግም፤ የአተር ቅንጣት የሚያህል ይበቃል፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ቅንጣት የሚያህል። ከቱቦው ጀርባ ፍሎራይድ መኖሩን፣ መጠኑም ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm) መሆኑን ማየት ከማንኛውም «የሚያነጣ» የሚል ጽሑፍ ይበልጣል። ከተፋቀ በኋላ አረፋውን ተፍቶ በውሃ አለመጉመጥመጥ ደግሞ ያለ ወጪ ጥቅሙን ይጨምራል፤ የታጠበ ፍሎራይድ ከውሃው ጋር ሄዷልና። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በሳሙና ፈንታ ከሰል አድቅቀው ለሚፍቁ ሊነገራቸው ይገባል፤ ከሰል ጥርሱን ይፍቃል እንጂ ፍሎራይድ የለውም። መፋቂያን መተው ግን አያስፈልግም። ቀን በመፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት በብሩሽና በሳሙና ማድረግ ለብዙ ቤት የሚቻል ነው፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ከሁለቱ ሊታለፍ የማይገባው የማታው ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ግን እንጨቱም ብሩሹም አይገቡም። ከቁርጥ በኋላ ስቲኪኒ ሥጋውን ያወጣል፣ ሽፋኑን ግን አያነሳም፤ ለዚያ የጥርስ ክር ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ በቤት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ነው፦ «ድዴ ይደማል፣ ስለዚህ መፋቅ ትቻለሁ።» የሚደማ ድድ አብዛኛውን ጊዜ ያልተፋቀ ድድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሌ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። እኛ ዘንድ ይህን ምልክት ማየት የሚያስቸግርበት የራሱ ምክንያት አለ። የሐበሻ ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ በሰሜኑ ደግሞ ለውበትና «ድድ ያጠነክራል» ተብሎ የሚነቀሱ ሴቶች ነበሩ፣ አሁንም በዕድሜ የገፉት ላይ ይታያል። የሐኪም መጽሐፍ «ድድ ቀላ» የሚለው መቅላት በተነቀሰ ድድ ላይ አይታይም። ስለዚህ በዓይን ከማየት ይልቅ መዳበስ፣ ማበጡንም ማስተዋል ይሻላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲፋቅ የሚወጣውን ደም። በለስላሳ ክር፣ ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ፣ የውስጡን ገጽ ሳይዘሉ በየቀኑ ሲፋቅ ደሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊበዛ ይችላል፤ ከዚያ ይቀንሳል። በሁለት ሳምንት ካልቆመ፣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፣ መግል ከታየ፣ ድዱ ከጥርሱ ከሸሸ፣ ድንጋዩ ሥር ገብቷልና ሐኪም ያንሳው። የስኳር ሕመም ያለበትና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሁለት ሳምንቱንም መጠበቅ የለበትም፤ የአጫሽ ድድ ውስጥ ውስጡን እየተበላ ደም ላያሳይ ይችላል። ቅርንፉድ መንከስ ሕመሙን ያደነዝዛል፣ ከሥሩ ያለውን አይነካውም፤ ፊት ያሳበጠና ትኩሳት ያመጣ ጥርስ በቅርንፉድ አይታደርበትም፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት።