የቀይ ደም ሕዋስ ቆጠራ በፎገራ ሜዳ እንዴት ይነበባል?



በቅድሚያ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአማርኛ «ደም ብዛት» የምንለው የደም ግፊት ከፍ ማለትን ነው፤ «ደም ማነስ» ግን የሄሞግሎቢን መጉደልን እንጂ የግፊት መውረድን አያመለክትም። ሁለቱ ስሞች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ከወረታ ዙሪያ የመጣ ገበሬ «ቀይ የደም ሕዋስዎ በዝቷል» ቢባል ጨው ትቶ ሊከርም ይችላል።

በውጤት ወረቀት ላይ «አር.ቢ.ሲ» ተብሎ የሚሰፍረው፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኙ ቀይ ሕዋሳት ቁጥር ነው። ለአዋቂ ወንድ ከ4.5 እስከ 5.9 ሚሊዮን፣ ለሴት ከ4.1 እስከ 5.1 ሚሊዮን ያህል የተለመደ ነው፤ ወሰኑ ከመሣሪያ መሣሪያ ጥቂት ይለያያል። ይህ ቁጥር ስንት ሕዋስ እንዳለ ይነግረናል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ምን ያህል ሄሞግሎቢን እንደ ያዘ ግን አይነግረንም። ብረት እያጠራት የመጣች እናት ሕዋሶቿ በቁጥር ሳይጎድሉ በመጠን ሊያንሱ ይችላሉ። አማካይ መጠኑ፣ ማለትም ኤም.ሲ.ቪ፣ ከ80 ፌምቶ ሊትር በታች ከወረደና የመጠን መለያየትን የሚያሳየው አር.ዲ.ደብሊዩ ከፍ ካለ፣ ቆጠራው ደህና ቢሆንም የብረት እጥረትን መጠርጠር ይገባል። ተማሪዎቼን ቆጠራውን ብቻውን አታንብቡ እያልሁ የምወተውተው ለዚህ ነው። በሩዝ አጨዳ ወቅት ውኃ ሳይቀምስ ውሎ የመጣ ሰው ደሙ ስለሚወፍር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የነፍሰ ጡር ደግሞ ፕላዝማዋ ከሕዋሶቿ አብልጦ ስለሚጨምር ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

በፎገራ የደም ማነስ መንገዱ ብዙ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ካጥለቀለቁ በኋላ የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ ይራባበታል። የወባ ተሕዋሲ ቀይ ሕዋሱን ከውስጥ ያፈነዳዋል፤ ስለዚህ የሕዋሳቱ ቁጥር ይወርዳል፣ የቀሩት ግን መጠናቸው በአብዛኛው እንደ ነበረ ነው። መንጠቆ ትል በአንጻሩ ከአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ በዝግታ ደም ይመጥጣል፤ የሰውነት ብረት ሲያልቅ ሕዋሶቹ ያንሳሉ፣ ይገረጣሉም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ወረቀቱ ድብልቅልቅ ይላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ከፍታው ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። ኦክስጅን ሲሳሳ ኩላሊት ኢሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ የአጥንት መቅኔም ሕዋስ ያበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ያስቀመጠው የሄሞግሎቢን ወሰን 12 ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን፣ በከፍታ ለሚኖሩ ከውጤቱ የሚቀነስ መጠን አለው። በቀድሞው ሠንጠረዥ ለ1500 ሜትር 0.5 ይቀነስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ግን ከ1500 እስከ 1999 ሜትር ላለው 1.1 ይቀንሳል። እንግዲህ 12.8 ያላትን የወረታ ሴት አስቡ። በቀድሞው ስሌት 12.3 ሆና ጤነኛ ነበረች፤ በአዲሱ 11.7 ሆና ደም ያነሳት ተብላለች። ደሟ ያው ነው።

ታዲያ ሠንጠረዡ ለእኛ ሕዝብ ይሠራልን? በአሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ በተባለ ቦታ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትሟል። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ ይህም በባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች የማይለይ ነው። በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ከዚህ እጅግ የላቀ አላቸው። ሄሞግሎቢኑ ከከፍታው ጋር እምብዛም ካልጨመረ ሰው ላይ 1.1 መቀነስ ጤነኛውን ታማሚ ሊያሰኝ ይችላል።

እኔ ግን ሠንጠረዡን እንጣለው አልልም፤ የአምባራስ ከፍታ የወረታን እጥፍ ያህል ነውና አንዱን በሌላው መመዘን ችኮላ ይሆናል። ወሰኑ ላይ ለቆመች ታካሚ የምመርጠው፣ ኤም.ሲ.ቪን አይቶ ፌሪቲን ማስለካት ነው። ፌሪቲን በወባ ትኩሳት ጊዜ ያለ ብረት ክምችት ከፍ ስለሚል፣ ልኬቱ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይሻላል።