ነባሩን የግዕዝ ሶፍትዌር መጠገን ወይስ ለአዲሱ መድከም

በምሥራቅ አዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኘው ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ተማሪው የሚመጣው ከየክፍለ ከተማው ስለሆነ የስም ዝርዝሩና የውጤት መዝገቡም ከየትምህርት ቤቱ ይከተለዋል። መዝገቡ በኮምፒዩተር ፋይል የተላከ እንደሆነ ግን በአማርኛ ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሊታይ ይችላል። ይህም የሚሆነው ላኪው በነባሩ የግዕዝ ሶፍትዌር ጽፎ ተቀባዩ ያ ፎንት ከሌለው ነው።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። የግዕዝን ፊደል ለኮምፒዩተር ለማስለመድ ሲደከም የዚያን ዘመን ፎንት ለፊደልና ለምልክት ሁሉ የሚኖረው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ በርካታው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሠሪዎች ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ከክፍልፋይ ገጣጠሙት። የሁሉም መሠረት ግን የላቲን ፊደል ቦታ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲኑን ቁጥር ብቻ በመሆኑ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው በፓወር ግዕዝ ፎንት አይነበብም፤ የተማሪ ስምም በሀ ለ ሐ መ ተራ አይደረደርም።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ለአብዛኛው ፊደል 8 ተከታታይ ቦታ ተመድቧል፤ 7ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሲሆኑ 8ኛው እንደ ሏ ላለው ዲቃላ ነው። ተራውም ልጆች በገበታ የሚማሩት ተራ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ በመምጣቱ አማርኛን ለማንበብ ሌላ ፎንት መፈለግ ቀርቷል።

ይህ ከሆነ ነባሩ እስከ ዛሬ ለምን ይጠገናል? የፈተና ክምችቱና የቃለ ጉባኤው ፋይል የተቀመጠው በእርሱ ነው፤ የጸሐፊዋም ጣት የለመደው እርሱን ነው። ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ የልማዱ ድርሻ ከችግሩ ይበልጣል፤ የፓወር ግዕዝ የኋለኛው እትም ራሱ የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ሳለ ብዙ ጽሕፈት ቤት የድሮውን ፎንት መርጦ ይጽፋልና። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. አቁሟል። በእነዚህ ላይ የሚፈሰው ጉልበት አንዱን ማሽን እስከሚቀጥለው ብልሽት ከማቆየት አያልፍም።

በአዲሱ ላይ የሚደረገው ሥራ ግን ይጠራቀማል። በ2005 እ.ኤ.አ. ለብሊንና ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ በ2010 ለጉሙዝና ለባስኬቶ፣ በ2021 ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ወደ ዩኒኮድ የገቡት ጉዳዩ የገባቸው ሰዎች ሐሳብ ጽፈው ስላቀረቡ ነው። በ256 ቦታ ለተጠረገገ ፎንት ይህ የማይታሰብ ነበር። ሊብሬኦፊስም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ፣ አማርኛውም በበጎ ፈቃድ የሚተረጎም የቢሮ ሶፍትዌር ነው።

እዚህ ላይ የመምህሩ ድርሻ ከፕሮግራም ሠሪው አያንስም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለዩኒኮድ ግን ሦስት ናቸው። መዝገብ ሹሙ በአንዱ አጻጻፍ ሲፈልግ በሌላው የተመዘገበው ልጅ «የለም» ይባላል። ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ ናቸው። ይህን ጉድለት ለመሙላት የትኞቹ ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ በጽሑፍ ግን ልዩነታቸው ይጠበቅ የሚለውን የሚወስን፣ የቃል ዝርዝር የሚያዘጋጅ፣ ስሕተት ሲያይ ለሠሪዎቹ የሚያሳውቅ የቋንቋ ሰው ያስፈልጋል። ፕሮግራም ሠሪ ብቻውን ቢሠራው ወይ ሞክሼዎቹን ያጠፋቸዋል፣ ወይ እንዳሉ ይተዋቸዋል።

ወደ ዩኒኮድ መለወጡ በጥድፊያ ሊደረግ አይገባም። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ፋይል ሳይለይ የሚለውጥ መሣሪያ የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ ትርጉም የለሽ የአማርኛ ፊደል ሊቀይረው ይችላል፤ በውጤት መዝገብ ላይ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። በመሆኑም ነባሩ ሶፍትዌር ያለበት አንድ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ለማንበቢያ ብቻ ይቀመጥ፤ አዲስ ጽሑፍ አይጻፍበት። ለዋጩ ፋይል ሁሉ ቅጂ ይቀርለት፤ የተለወጠውም ከታተመው ወረቀት ጋር ስም በስም ይመሳከር። ቅድሚያ የሚሰጠው የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መዝገብ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ፈልገው የሚመለሱት እነርሱ ናቸውና። የፈተና ክምችቱ ከዚያ በኋላ በየትምህርት ዓይነቱ ሊደርስ ይችላል።