አስታማሚን ማን ያስታምመው?

መርካቶ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የልጃቸውን መድኃኒት አወሳሰድ ደግመው ቢጠይቁኝ ጮኽኩባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በትክክል መረዳታቸውን አለማረጋገጤ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅና የብቃት መቀነስ። ሦስቱንም በራሴ አየኋቸው።

አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። ግን እኛ ባለሙያዎቹም «አማኑኤል ገባች» መባልን እንፈራለን። ስለዚህ በስልኬ ጀመርኩ። ድርጅቱ በ2020 ያወጣው ባለ ሥዕል የጭንቀት መቋቋሚያ መመሪያ ከድምፅ ልምምዶቹ ጋር በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል።

«ማይንድፉልነስ» የሚባለው ዘዴ ሐሳብን አሁን ባለንበት ቅጽበት ማሳረፍ ነው። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕመምተኞች የጀመሩት ሥልጠና ስምንት ሳምንት ይፈጃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እግርን መሬት ላይ ጫን አድርጎ በዝግታ መተንፈስ፣ የመጣውን ስሜት «ይህ ንዴት ነው» ብሎ መሰየም፣ ከዚያም ትኩረትን ወደ ዙሪያችን መመለስ። እኔ በመስኮት የሚገባውን የተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» ጩኸት አዳምጣለሁ፤ ቀጥዬ «የሚቀጥለው ይግባ» እላለሁ።

እርግጥ በአንዲት ነርስ ፊት የቆመ ረጅም ሰልፍ በትንፋሽ አያጥርም፤ የሰው ኃይል ማሟላት የአስተዳደር ሥራ ነው። ጭንቀቱ ከበረታም ሐኪም ማየት ግድ ነው።

እናትየዋ በሳምንቱ ተመለሱ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አወሳሰዱንም አብረን ደገምነው።